በእጅህ የወደቀ ጠላት

 

ውድ አንባቢያን! አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ጠላት ከሰማይ መጥቶ በመንደራችሁ ላይ ቦምብ ጣለ እንበል። ቤት ፈረሰ፣ ከብት አለቀ፣ ሰው ሞተ። ጥቂት ቆይቶ ያው አውሮፕላን ከሰማይ ወረደና አብራሪው በሕይወት በእጃችሁ ገባ። ወጣት ነው፤ ከመጀመሪያ ልጃችሁ ብዙም አይበልጥም። መሣሪያው ተወስዷል፤ እጁን አንሥቷል። አሁን ይህ ሰው የማን ነው? ቤቱ የፈረሰበት ሰው እንደ ፈለገ የሚያደርገው ንብረት ነውን? ወይስ በእርሱና በእናንተ መካከል ሌላ ባለቤት አለ?

ጥያቄው የምናብ አይደለም። በሀገራችን ምድር በእርግጥ ተነሥቷል፤ የተሰጠውም መልስ ብዙ ደም አስከትሏል።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን በሰሜንና በደቡብ ወርሮ ነበር። በደቡብ ግንባር አዛዡ ጄኔራል ግራዚያኒ ሲሆን፣ በኦጋዴን በኩል የሀገሪቱን ጦር የሚመሩት ደጃዝማች ነሲቡ ነበሩ። ቲቶ ሚኒቲ የሚባል ከካላብሪያ፣ ከደቡብ ጣሊያን የመጣ የ26 ዓመት አብራሪ፣ ማዕረጉ ምክትል የመቶ አለቃ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊቪዮ ዛኖኒ ከተባለ ጓደኛው ጋር ለቅኝት በረረ። አውሮፕላናቸው በደጋሃቡር አካባቢ ተገዶ አረፈ። ሁለቱም ወደ ሀገራቸው አልተመለሱም።

እንዴት እንደሞቱ የሚነገረው አንድ አይደለም። ጣሊያኖች ሚኒቲ ከተማረከ በኋላ ተሰቃይቶ አንገቱ ተቆረጠ አሉ። ሌሎች ደግሞ ካረፈ በኋላ ሲዋጋ ነው የሞተው ይላሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሀገሩ ከፍተኛውን የወርቅ የጀግንነት ሜዳይ ሰጠችው፤ በካላብሪያ የሚገኘው የሬጆ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተሰይሟል።

ለእኛ ግን ዋናው ነገር ከሞቱ በኋላ የሆነው ነው። አንባቢያን ሆይ! ልብ በሉ። ግራዚያኒ የዚህን ወጣት ሞት እንደ ባንዲራ አነሣው። ታኅሣሥ 20 ቀን፣ ማለትም አብራሪው ከጠፋ በአራተኛው ቀን፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በዶሎ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ። በድንኳኖቹ ላይ ቀይ መስቀል ተስሎ ነበር። ተኝተው ይታከሙ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች አለቁ። ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊም ሞተ፤ የሕክምና ቡድኑ መሪ ዶክተር ሂላንደርም ቆሰሉ። ከቦምቡ ጋር ወረቀት ተበተነ። የወረቀቱ ቃል ከአብራሪዎቻችን አንዱን ማርካችሁ አንገቱን ቆርጣችኋልና የእጃችሁን ታገኛላችሁ የሚል መልእክት ነበረው።

እስቲ እናስተውል። ደጋሃቡር ከመልካ ዲዳ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በመልካ ዲዳ ድንኳን ውስጥ እግሩ ተቆርጦ የተኛው ቁስለኛ ስለ ሚኒቲ ምን ያውቃል? ስሙን እንኳ ሰምቷልን? ወንጀል ተሠርቶ ቢሆን እንኳ የሠራው እርሱ ነውን? አላህ (ሱ.ወ.) በቁርአኑ በተደጋጋሚ ቦታ ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ነግሮናል። ግራዚያኒ ግን አንዱ የሠራውን በሌላው ላይ ጫነ።

ሌላም አለ። ፋሺስቶች በመርዝ ጋዝ ለመጠቀማቸው ሰበብ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ የዚሁ አብራሪ ሞት ነበር። ጣሊያን ግን በጦርነት መርዝ ጋዝ የሚከለክለውን የጄኔቭ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃ ነበር። በተከዜ ወንዝ አካባቢ በራስ ዕምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ የጣለችውም ሚኒቲ ከመጥፋቱ ከቀናት በፊት ነው። አያችሁ? ቅጣቱ ከጥፋቱ ቀደመ። የወጣቱ ሞት የበቀሉ ምክንያት አልነበረም፤ አስቀድሞ ለተወሰነ ግፍ ልብስ ሆኖ የተገኘ ነው። በቀል ሁልጊዜ ልብስ ይፈልጋል፤ ራቁቱን አደባባይ መውጣት ያፍራል።

በዚያው ወቅት ግን ሌላ ዓይነት ሰዎችም በሀገራችን ነበሩ። ከግብጽ የመጣና በልዑል ኢስማዒል ዳውድ የሚመራ የቀይ ጨረቃ የሕክምና ቡድን በሐረርና በጅግጅጋ በኩል የኢትዮጵያን ቁስለኞች ያክም ነበር። ሙስሊም ነህ ክርስቲያን ነህ ብሎ አልጠየቀም። ቁስለኛ በፊቱ ሲቀርብ ያየው ቁስሉን ነው።

ውድ አንባቢያን! አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በእጅህ የወደቀ ጠላት የማን ነው? ኢስላም የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ እርሱ የአላህ ባሪያ ነው፣ አንተ ዘንድ ደግሞ አደራ ነው።

በሱረቱል ኢንሳን 8ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ደጋግ ባሮቹን ሲያወድስ፣ ምግብን እየወደዱት ለድኻ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ የሚያበሉ መሆናቸውን ይነግረናል። ሦስቱን በአንድ መስመር ያሰለፋቸው ምን ይመስላችኋል? ድኻው ገንዘብ የለውም፣ የቲሙ አባት የለውም፣ ምርኮኛው ደግሞ ኃይል የለውም። ሦስቱም በሌላ ሰው እጅ ናቸው። ትናንት ሰይፍ ይዞ የነበረው ሰው ዛሬ ከየቲም ጎን ተቆጠረ።

ይህ በቃል ብቻ አልቀረም። የበድር ምርኮኞች ወደ መዲና ሲመጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመልካም እንዲይዟቸው ለሶሃቦች አደራ ሰጡ። ከምርኮኞቹ አንዱ የነበረው የሙስዓብ ኢብን ዑመይር ወንድም አቡ ዐዚዝ፣ የማረኩት አንሷሮች ለእርሱ ዳቦውን ሰጥተው እነርሱ ተምር ይበሉ እንደነበር ኋላ ተርኳል። በዚያ ዘመን በመዲና ዳቦ ከተምር የሚበልጥ ምግብ ነበር። እነዚህ ሰዎች እኮ ከጥቂት ቀናት በፊት ሊገድሏቸው የመጡ ናቸው!

ሱሀይል ኢብን ዐምርም ከበድር ምርኮኞች አንዱ ነበር። አንደበተ ርቱዕ ስለ ነበር በንግግሩ ሰዎችን በኢስላም ላይ ያነሣሣ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ከእንግዲህ እንዳይናገርብን የፊት ጥርሶቹን ላውልቃቸው ብለው ፈቃድ ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እምቢ አሉ። አካሉን ቢያጎድሉበት፣ ነቢይ ቢሆኑም እንኳ አላህ ያንኑ እንደሚያደርግባቸው ገለጹ። ነቢዩ ከሞቱ በኋላ መካ ስትናወጥ ቆሞ ሕዝቡን በሃይማኖቱ ያጸናው ይኸው ሱሀይል ነው። ጥርሱ ወልቆ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ማን ይናገር ነበር?

ሱማማ ኢብን ኡሳልም የየማማ ሹም ሳለ ተማርኮ በመስጊዱ ምሰሶ ታሰረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ቀን እየመጡ አነጋገሩት፤ በመጨረሻ ያለ ምንም ቤዛ ለቀቁት። ሄዶ ታጥቦ ተመለሰና ሸሃዳ ያዘ። ያሸነፈው ገመዱ አልነበረም፤ የገመዱ መፈታት ነው።

ስለ ምርኮኛ ፍርድ ፉቀሃዎች ብዙ ተነጋግረዋል። በነጻ መልቀቅ፣ በቤዛ መለወጥና ሌላም ፍርድ የመሪው ሥልጣን እንደ ሆነ ጽፈዋል። ማሰቃየትና አካል መቆራረጥ ግን ከነዚያ ምርጫዎች ውስጥ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስላን፣ ማለትም አካል መቆራረጥን፣ ለጦር አዛዦቻቸው በግልጽ ይከለክሉ ነበር።

ይህን ሁሉ የምናውቅ ሆነን ሳለ፣ በእኛው ዘመን በእኛው ሃይማኖት ስም ምን እንደ ተደረገ መናገር ግዴታ ይሆንብናል። ሙዓዝ አል-ከሳስባ የዮርዳኖስ አየር ኃይል አብራሪ፣ የከረክ አውራጃ ተወላጅ፣ እርሱም እንደ ጣሊያናዊው የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ካገባ ግማሽ ዓመት አልሞላውም። ታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ዓ.ም. በሶሪያ በረቃ ከተማ አካባቢ አውሮፕላኑ ወደቀና አይሲስ በሚባለው ቡድን እጅ ገባ። አባቱ በአደባባይ ቀርበው ልጃቸውን ምርኮኛ ማለትን ትተው እንግዳ ብለው ጠሩት፤ እንግዳ እንደሚያዝ እንዲይዙትም ማራኪዎቹን ለመኑ። እኚህ ሽማግሌ የተናገሩት የዐረብ ባህል ብቻ አልነበረም፤ የበድር ሱንና ነው።

ጥር 26 ቀን 2007 ዓ.ም. በወጣ ፊልም ወጣቱን በብረት ቀፎ ውስጥ አድርገው በሕይወቱ እንዳቃጠሉት ዓለም ሁሉ አየ። በነጋታው ንጋት ላይ ዮርዳኖስ ቀድሞ የሞት ፍርድ የተፈረደባቸውን ሁለት እስረኞች ሰቀለች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደግሞ ይኸው ቡድን በሊቢያ ምድር የኢትዮጵያ ልጆችን፣ ክርስቲያን ወንድሞቻችንን፣ አርዶና ተኩሶ ገደለ። ከመካከላቸው የእኛ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ጎረቤት ከሆነው ከቂርቆስ የሄዱ ወጣቶች ነበሩበት። በሰፈራችን ከአንድ ጀበና ቡና የምንጠጣ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች በአንድነት አለቀስን።

አቃጣዮቹ ምን አሉ? ይህ ሰው በቦምብ ቤት አቃጥሏል፣ በፍርስራሽ ሥር ሰው ቀብሯል፤ እኛም በእሳት ከፈልነው አሉ። ብድር በብድር ነው አሉ። የዚህን አባባል ክብደት ማቃለል አይገባም፤ ብዙ ወጣቶችን ያማለለው ይኸው ነውና። በሰፈራችን መድረሳ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ያንኑ ፊልም በሞባይል አይቶ መጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ እርሱስ ሕጻናት አቃጥሎ የለም? ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አልነበረም። ለተበደለ ከማዘን የመጣ ነው። ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን በማስረዳት ሊመለስለት ይገባል።

መልሱ ይህ ነው። በሱረቱን ነሕል 126ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) በቀጣችሁ ጊዜ ከደረሰባችሁ ብጤ እንዳታልፉ ካዘዘ በኋላ፣ ብትታገሡ ግን ያ ለታጋሾች የሚበልጥ መሆኑን አስከተለ። ብዙ ሙፈሲሮች ይህ አንቀጽ የነቢዩ አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ.) በኡሁድ ተገድለው ሬሳቸው ከተቆራረጠበት ኀዘን ጋር የተያያዘ መሆኑን ጠቅሰዋል። ያ ኀዘን ከማንኛችንም ኀዘን ያንሳልን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ትዕግሥትን መረጡ፤ መካን በከፈቱ ቀን የሐምዛን ገዳይም ሆነ ሬሳቸውን ያስቆረጠችውን ሴት አልቆራረጡም።

እሳትን በተመለከተ ደግሞ ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ግልጽ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ጦር ሲልኩ ሁለት ሰዎችን ካገኙ እንዲያቃጥሏቸው አዝዘው ነበር። ጦሩ ሊሄድ ሲል ግን ትእዛዙን ሻሩት፤ በእሳት መቅጣት ለአላህ ብቻ የተገባ ነውና። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከነዚህ ሰዎች አንዱ የነቢዩን ልጅ ዘይነብን በጉዞ ላይ ያጠቃ ሐባር የተባለ ሰው ነው። በልጃቸው ላይ እጁን ያነሣ ሰው! ኋላ ሐባር ሰለመ፤ ይቅርም ተባለ። እሳት የአላህ ቅጣት መሆኑን የረሳ ሰው ፍርድ አልሰጠም፤ በጌታው ወንበር ላይ ተቀመጠ እንጂ።

ስለዚህ ለዚያ ልጅ እንዲህ አልኩት። አብራሪው በሰማይ ሳለ ተዋጊ ነው፤ ቤትህን ለማዳን ልትተኩስበት ትችላለህ። ከወረደና እጁን ከሰጠ በኋላ ግን ጉዳዩ ከቁጣህ ወጥቶ ወደ ፍርድ ገብቷል። ጥፋት ካለበት ዳኛ ይይ፣ ምስክር ይቁም፣ ቅጣቱም በልክ ይሁን። ፍትሕና በቀል አንድ መንገድ የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ፍትሕ ጥፋተኛውን ይፈልጋል፤ በቀል ደግሞ ቅርብ የተገኘውን። በደጋሃቡር ለጠፋ አብራሪ መልካ ዲዳ ላይ ቁስለኛ የሚገድለው በቀል ነው።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ ይህ የባዕዳን ታሪክ ነው፣ ለእኛ ምን ይረባናል ትሉ ይሆናል። ታዲያ የእኛን አብራሪ አስቡ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ዘመን በኤርትራ ተማርኮ ለዓመታት ከቆየ በኋላ የተፈታ የአየር ኃይላችን ሰው ነበር። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር አስመራ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ ተያዘ። ሁለቱ ሀገሮች በ2010 ዓ.ም. ሰላም ሲያወርዱም ወደ ቤቱ መመለሱ አልተሰማም። ቤተሰቡ በራፍ እያየ ስንት ዓመት አለፈ! እርሱን የያዙት ሰዎች እንዴት እንዲይዙት እንመኝ ነበር? ያን የምንመኘውን ነው እኛም በእጃችን ለገባው ልናደርግ የሚገባን። ለወንድሙ ለራሱ የሚወደውን እስኪወድ ድረስ የሰው እምነት እንደማይሞላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናልና።

እናም ውድ አንባቢያን! ምርኮኛ ማለት ከጦር ሜዳ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በሳሪስ ገበያ ወይም በጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ «ሌባ! ሌባ!» የተባለ ልጅ ሲያዝ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ሰው ሁሉ ይረግጠዋል። የሰረቀውን ያየው አንድ ሰው ነው፤ የሚመታው ግን ሃያ ሰው ነው። ምን እንደ ሰረቀ የማያውቀው ሁሉ የራሱን የቀን ብስጭት በዚያ ልጅ ጀርባ ላይ ያራግፋል። ያ ልጅ በዚያች ሰዓት ምርኮኛ ነው። ለፖሊስ እስኪደርስ ድረስ በእኛ እጅ የአላህ አደራ ነው። እቃ ጠፋ ተብላ በር የተዘጋባት የቤት ሠራተኛም ምርኮኛ ናት። ከገጠር መጥታ ዘመድ የሌላት ልጅ በማን ፊት ትቆማለች?

ከዚህም የባሰ በሀገራችን ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን ሰው በሕይወቱ ሲቃጠል የሚያሳይ ፊልም ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ድርጊቱ መፈጸሙን አረጋገጠ። በዚያ ፊልም ላይ ቆመው የሚያዩ፣ የሚያበረታቱም ሰዎች ነበሩ። ረቃ ከእኛ የራቀች አይደለችም። የሰው ልጅ በእጁ የገባውን ሰው እንደ ዕቃ ማየት የጀመረበት ቦታ ሁሉ ረቃ ነው፤ የሚያቃጥለው ማንም ይሁን፣ የሚቃጠለውም ማንም ይሁን።

እንግዲህ ከእኛ ከወላጆች የሚጠበቀው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ልጆቻችን በሞባይል የሚያዩትን እንወቅ። የሰው ስቃይ ተደጋግሞ የታየ እንደሆነ ልብ ይደርቃል፤ ልብ ከደረቀ ደግሞ ቁርአን ሲቀራበት አይርስም። ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ ስለ ሌላ ብሔር ወይም ሌላ ሃይማኖት ስንናገር «እነርሱ እንዲህ አደረጉን» እያልን አንድን ሕዝብ በአንድ ሰው ጥፋት አንጠቅልል። ልጁ ነገ በእጁ የሚወድቀው ሰው ከ«እነርሱ» አንዱ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ራሳችን ምሳሌ እንሁን። ሌባ ሲያዝ መሐል ገብቶ «ተዉት፣ ለሕግ እንስጠው» የሚል አባት ለልጁ ከአንድ ኪታብ የበለጠ ያስተምረዋል። ይህን ሲል ዱላ ሊያርፍበት ይችላል፤ «አንተም አብረህ ነህ» ሊባል ይችላል። ቢሆንም ይበል።

የሰው ጀግንነት ጠላቱ በርቀት ሳለ ይለካል፤ እምነቱ ግን የሚለካው ጠላቱ በእጁ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ የሚያየው ሰው ላይኖር ይችላል። ክፍሉ ዝግ ነው፣ ገመዱ ጥብቅ ነው፣ ምርኮኛው ምስክር የለውም። አላህ ግን ያያል። በየውሙል ቂያማ ታሳሪውና አሳሪው ጎን ለጎን በሚቆሙበት ሰዓት፣ ጥያቄው የጠላትህ ጥፋት ምን ነበር ከሚለው አልፎ፣ በእጅህ ሲወድቅ አንተ ምን አደረግህ ወደሚለው ይደርሳል።

አላህ (ሱ.ወ.) ከተበዳይነት በቀል፣ ከበዳይነትም ግፍ ይጠብቀን። በየእስር ቤቱና በየጦር ሜዳው ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶችን ልብ ያረጋጋ። እኛንም በእጃችን ያለውን አደራ የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።